ችግኙ በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ዋልያው ግን እያለቀ ነው!

የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን ስም «ዋልያዎቹ» ነው። በዋልያ ስም የሚጠራ ቢራም አለን። ፖስት ካርዱ፣ ካናቴራው፣ የአስጎብኚው መኪና በር ሁሉ ዋልያ ተስሎበታል። በየሄድንበት ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ያየናል። ዋልያ እየጠፋ ያለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከገዛ ቤቱ፣ ከስሜን ተራራ!

አጋነናችሁ የሚል ካለ ቁጥሩ ይናገር። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የነበረው ዋልያ ከ800 በላይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢ ሲቆጠር የተገኘው ግን 300 ገደማ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። ዋልያ ደግሞ እንደ ዝሆንና እንደ አንበሳ ጎረቤት አገር ዘመድ ያለው አውሬ አይደለም። ኬንያ የለም፤ ሱዳን የለም፤ የትም የለም። በዚህች ዓለም በዱር የሚኖረው ስሜን ላይ ብቻ ነው። እዚያ ካለቀ አለቀ። እንደ ነዳጅና እንደ ማዳበሪያ በዶላር ገዝተን የምናስገባው አይደለም።

«ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት አገር ስለ ዱር እንስሳ ልትሰብኩን ነው ወይ?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሳችን ግን ይኸው፤ በስሜን ግርጌ ሰውንና ዋልያን የሚጨርሰው አንድ ነው። ዋልያውን የሚገድለው ጥይት ባላገሩንም ይገድላል። ጫካው ሲመነጠር ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ የሚጠማው ገበሬው ነው። ስለዚህ ስለ ዋልያ ስንናገር ስለ ሰው እየተናገርን ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ መንግሥታችን ሌላ ነገር ሲቆጥር ከርሟል። ችግኝ! ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥሩ እያበጠ፣ እያበጠ ቢሊዮኖችን አለፈ። ሚኒስትሩ ዶማ ይዞ ፎቶ ይነሳል፤ ካድሬው ቲሸርት ለብሶ ያጨበጭባል፤ ቴሌቪዥኑ ማምሻውን ያንኑ ይደጋግማል። ግዴለም፣ ይተከል። ዛፍ መትከልን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛም አንጠላም። ግን እኮ አገሪቱ አስቀድሞ የተተከለ፣ እግዜር ራሱ የተከለው ደን አላት። እሱን ማን ይጠብቅ? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገራችንን ከወዲሁ በግልጽ እንናገር። የስሜን ደንና አራዊት ሊድን የሚችለው ከተራራው ሥር ያለው የደባርቅ፣ የዳባት፣ የጃናሞራና የአዲ አርቃይ ሰው ከተራራው መጠበቅ በግልጽ ሲጠቀም ነው። እስካሁን የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ወጪው በባላገሩ ትከሻ፣ ክብሩ በሹሙ ደረት! ይህ ሒሳብ ካልተስተካከለ ቢሊዮን ችግኝም ቢተከል ስሜን አይድንም።

ከደባርቅ በላይ ያለው

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይገባል። ደባርቅን ያለፈ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ ጣሊያን የቀደደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ተከትሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሌላው ወደ ስሜን ይወጣል።

ተራራው እንደ ፎቅ ቤት ነው፤ በየደርቡ የተለያየ ነዋሪ አለው። ከታች ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የሚበቅልበት ደን ነው። ከዚያ ከፍ ሲል አስታ ይጀምራል። 3,700 ሜትር ገደማ ሲደረስ አስታው ያበቃና ጓሳውና ጅብራው ቦታውን ይረከባሉ። ከሁሉም በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ዳሸን ተገትሯል። ዋልያው ገደሉን ተገን አድርጎ በአስታው ዳርና በጓሳው ይሰማራል። ጭላዳው ሳሩን ይነጫል። ቀይ ቀበሮውም የሚያድነው ጓሳው ውስጥ የሚርመሰመሰውን አይጥ ነው። በመላ ኢትዮጵያ ያለው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ሲሆን በስሜን ያለው መቶ እንኳ አይሞላም። እሱም እንደ ዋልያው ከኢትዮጵያ ውጭ አገር የለውም። ሐሩር በሚባለው የዓለም ክፍል ውስጥ ሆኖ ሌሊት ውርጭ የሚያድርበት፣ የትም የማይገኝ ዛፍና አውሬ የተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የአውሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቱሪስቱ ይዘንለት ብለን ባለፍነው። ደኑ ግን ውኃ ነው። አስታውና ጓሳው ጉሙንና ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ጠጥተው ቀስ እያሉ ይለቁታል። መሸሃና ዛሪማን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ተነስተው ተከዜን ይቀላቀላሉ። ተከዜ ላይ አገሪቱ በብዙ ገንዘብ ግድብ ሠርታለች። ተራራው ራቁቱን ሲቀር የሚወርደው ውኃ አይደለም፤ ደለል ነው! ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በስሜን ጅንባር ሸለቆ የአፈሩን መታጠብ ሲያጠና ኖሯል። ነገሩ ግን ለገበሬው አዲስ አይደለም። ቀጥ ያለ ዳገት ተመንጥሮ ገብስ ሲዘራበት ለጥቂት ዓመት ያበላል። ከዚያ አፈሩ ያልቅና ድንጋዩ ጥርሱን ያገጣል። ገበሬው ምን ያድርግ? ቀጥሎ ያለውን ጫካ ይመነጥራል። ሌላ መሬት የሰጠው የለማ!

የዚህን ቦታ ዋጋ እኛ ብቻ አይደለን የምናውቀው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝገብ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። ኋላ ግን ዋልያው አነሰ፣ እርሻው ገፋ፣ መንገዱ መሃል ለመሃል አለፈ ተባለና በ1989 ዓ.ም. ስሜን አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ነው። ለመውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ለመመለስ ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን? በአሁኑ አያያዛችን ብዙ አያስፈልግም።

ጠመንጃ ሲበዛ ዋልያ ያንሳል

የዋልያን ቁጥር ከአገሪቱ ታሪክ ጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የሚገርም ነገር ያገኛል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ሊቃውንት ሲገምቱት 150 ገደማ ነበር። ፓርኩ ተቋቁሞ ጥበቃው ሲጠናከር ከፍ አለ። የደርግ መውደቂያ ጦርነት መጣ፤ ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀረ፤ ታጣቂ በየገደሉ ሰፈረ፤ በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ቁጥሩ ወደ 250 ወረደ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ቀስ እያለ አንሰራርቶ ከ800 በላይ ደረሰ። ማን አደረሰው? በትንሽ ደመወዝ ሌሊቱን በውርጭ ሲጠብቅ ያደረው ስካውትና ከብቱን ከገደሉ አፋፍ የመለሰው ባላገር ናቸው።

ከዚያ እንደገና ጦርነት። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ሲቀሰቀስ እሳቱ ስሜን ግርጌ ለመድረስ ዓመት አልፈጀበትም። የሕወሓት ኃይሎች በዚያው ዓመት ክረምት እስከ ደባርቅና ዳባት አፋፍ መጡ። በነሐሴ ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ሲቪሉ ሕዝብ በጅምላ ተገደለ። የጭና ሰው ሐዘኑ ገና ከልቡ ሳይወጣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥትና በፋኖ መካከል ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ጥይት በሚጮህበት አገር አስጎብኚ ምን ይሠራል? ቱሪስቱ ቀረ። በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ፣ የካምፕ ጠባቂው፣ እንቁላልና ዶሮ ይዛ ሎጅ ድረስ የምትሄደው ሴት ሁሉ እጃቸውን አጣምረው ቁጭ አሉ። ከዋልያ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዋልያን ሳይነኩ ከዋልያ መብላት ይቻል እንደነበር ያሳዩን እነሱ ናቸው።

ታዲያ የተራበ ታጣቂና የተራበ መንደርተኛ በሞላበት ተራራ ላይ ዋልያ ሥጋ ሆኖ ቢታይ ይደንቃል? አይደንቅም። ይቅር የሚባል ግን አይደለም። ወታደርም ይሁን ፋኖ፣ ሚሊሻም ይሁን ሽፍታ፣ ዋልያ ላይ ያነጣጠረ ሁሉ በልጆቹ ርስት ላይ ነው የተኮሰው። ዋልያ የብልፅግና አባል አይደለም። የተቃዋሚም አባል አይደለም። ማንንም አልወጋም። ከሁለቱም ወገን «ዋልያ የገደለ ይቀጣል» የሚል ጥብቅ ትእዛዝ መውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ ድርድር አይጠይቅም፤ ኅሊና ብቻ ይበቃዋል።

የግጭ ሰዎች ዕዳ

አሁን ማንም ደፍሮ ወደማያነሳው ነገር እንምጣ።

ስሜንን «ለማዳን» ሰው ሲነሳ የኖረው ዛሬ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከተራራው ሰሜናዊ ገደል ሥር ያሉ መንደሮች በግዳጅ ተነስተዋል። ያ በደል ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሮ ሕዝቡና ፓርኩ ባላንጣ ሆኑ። የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ የፓርኩ ንብረት ሲዘረፍና ሲፈርስ ብዙ ሰው ያላዘነው ለዚህ ነው።

በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ተራው የግጭ መንደር ሆነ። ግጭ ፓርኩ እምብርት ላይ የነበረ መንደር ነው። ገብስ ያመርታል፤ ከብትና በግ ያረባል። ከ400 በላይ አባወራ፣ ከነቤተሰቡ 2,500 ያህል ሰው፣ የአባቶቹን መቃብር ትቶ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረደ። ካሳ በገንዘብ፣ የቤት መሥሪያ ቦታም በከተማው ተሰጠው። ይህ እንደ ደርጉ በሌሊት ማፈናቀል አልነበረም፤ ስምምነት ነው ተብሏል። በወረቀትም ቢሆን ከደርጉ የተሻለ እንደነበር አንክድም። ዩኔስኮም ስሜንን ከአደጋ መዝገብ ሲያወጣ ከተመሰገነባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ግን እስቲ እንጠይቅ። ዕድሜ ልኩን ሞፈር ጨብጦ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ጥሬ ብር ይዞ ከተማ ቢገባ ምን ይሆናል? ቤት ይሠራል፤ የተረፈውን እየቆረሰ ይበላል፤ ከዚያ ያልቅበታል። ገብሱን ከማሳው ያጭድ የነበረው አሁን በኪሎ ይገዛል። የቀን ሥራ ይፈልጋል። የቀን ሥራውን የሚያመጣው ቱሪስት ደግሞ በኮሮናና በጦርነት ቀረ። ዋልያው ደኅና እንዲሆን ቤቱን የለቀቀ ሰው ዋልያውም አለቀ፤ እሱም ከሰረ። ከዚህ የባሰ ምን ኪሳራ አለ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ መንግሥት ባካሄደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በቂ ካሳ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በመንግሥት ርዳታ ወደ ሌላ ቦታ የመዛወር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በቂ የሚባለው ለስንት ዓመት የሚበቃው ነው? ገንዘቡ የተቆጠረበት ዕለት ብቻ ነው ወይስ ሰውየው እንደገና ራሱን እስኪችል? የግጭ ሰዎች ዕዳ አልተከፈለም የምንለው ለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ሲቃጠል ያየነውንም እናስታውስ። እሳቱ ከበላቸው ቦታዎች አንዱ የግጭ አካባቢ ነበር። የደባርቅና የአካባቢው ሰው ቅጠል እየቀጠፈ፣ ውኃ እየተሸከመ ሽቅብ ሮጠ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ ተለመነ፤ እሳት አጥፊ ባለሙያ ከእስራኤል መጣ። የሚረዳን ወዳጅ ማግኘታችን መልካም ነው። ግን የዓለም ቅርስ ይዞ እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት የሚለምን አገር ምን ይባላል? ደግሞስ ድሮ ጭሱን ቀድሞ አይቶ ይጮህ የነበረው ጎረቤት የት ነበር? ደባርቅ፣ ከተማ ውስጥ!

ደባርቅና ዳባት ምን ያንድዱ?

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። ሕዝቧ በዝቷል፤ ተፈናቃዩም ተጨምሮባታል። ዳባትም እንዲሁ። በዳባት ወረዳ ዓለምዋጭ በሚባለው ቦታ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ካምፖች የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረዋል። ስደተኛውን አንወቅስም። ከሞት ያመለጠ ሰው ነው፤ እንግዳ መቀበልም ለአገራችን ሰው ያደገበት ነው። ግን እንግዳም ባለቤትም ያበስላል። በምን?

በማገዶ ነው። ጀርባዋ እስኪጎብጥ ጭራሮ ተሸክማ ደባርቅ ገበያ የምትወርደውን ልጅ «ደን ጨፈጨፍሽ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እሷ ግን ሌላ ምን አላት? እንጨቱ የራቀበት ቤት ኩበት ያነዳል። ኩበቱ ምድጃ ሲገባ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ማሳው ሲደክም ገበሬው አዲስ መሬት ሽቶ ወደ ዳገቱ ይወጣል። ይኸው ነው አዙሪቱ! ከምድጃው ተነስቶ ዋልያው ጉያ ይደርሳል። ስለዚህ ለደባርቅና ለዳባት የሚገባ መብራት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የማገዶ ተክል ከማንኛውም የፓርክ አጥር ይበልጥ ዋልያን ይጠብቃል።

ባሕር ዛፍን በተመለከተም ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የተፈጥሮ ደናችን ከዛሬ ብዙ ዓመት በፊት ባለቀ ነበር። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በቦታው ይተከል። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ተክሎ «ደን መለስኩ» ማለት ውሸት ነው። ከሥሩ ሳር አይበቅልበትም፤ ጭላዳ አይውልበትም፤ ምንጭም አይፈልቅበትም። ደን ማለት እንጨት ብቻ አይደለም። ኮሶው፣ አምጃው፣ ቀጋው፣ ሐረጉ፣ ወፉና አፈሩ በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ማኅበር ደግሞ በአንድ ጀንበር አይተከልም።

መድኃኒቱ ከቤታችን አለ

ደስ የሚለው ነገር መፍትሔውን ከፈረንጅ መለመን አያስፈልገንም። ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር ያለውን አገር ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ያየ ሰው ቡናማ እርሻ መሃል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። አባቶች ለታቦቱ ክብር ብለው ያልቆረጡት ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ነው ዛሬ የቀረን። ዋልድባን የመሳሰሉ ገዳማትም ዱራቸውን ያቆዩት በፌዴራል ፖሊስ አይደለም፤ በቃል ኪዳንና በግዝት ነው።

ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ እነዚህን የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሲያጠኑ ያረጋገጡት ነገር ቀላልና ትልቅ ነው። ዛፉ ዘሩን ይጥላል፤ ቡቃያው ግን በከብት ይበላል፣ ይረገጣል። ከብቱ ከተከለከለ ደኑ ራሱን በራሱ ይተካል። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባበሩ፤ ከየማሳው የተለቀመ ድንጋይ የደኑ አጥር ሆነ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑ ከከብት ተረፈ። ዶማ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ሚኒስትርም አላስፈለገ!

ሌላም አለን። መንዝ ጓሳን እንውሰድ። በዚያ አገር አቅኚ አባቶች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት አቁመው ነበር። ዛሬ በፖለቲካችን ከምናውቀው ስም ጋር አይምታታብን፤ የመንዙ ቄሮ የደንብ ስም ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ጓሳውን በጋራ ይጠብቃሉ፤ ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱታል። ጣራ የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ገሳ የሚሠራበት ሳር ነውና ሁሉም ይጠቀማል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። በዚህ ደንብ ጓሳው ተረፈ፤ ከጓሳው ጋር ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ተረፉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ መሬቱም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። ልዩነቱን አያችሁ? መንዝ ላይ ባላገሩ ባለቤት ነው። ስሜን ላይ ባላገሩ ተከሳሽ ነው!

ከውጭ ማየት የሚፈልግም ሩዋንዳን ይመልከት። ከእኛ የባሰ ደም የፈሰሰባት አገር ናት። ከጎሪላ ጎብኚ ከሚገኘው የፓርክ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻ በፐርሰንት ቆርጣ አስታወቀች፤ በፈረንጆች 2017 ደግሞ ከ5 ወደ 10 ከመቶ አሳደገችው። በዚያ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይሠራል። መንደርተኛው ጎሪላው ሲሞት ኪሱ እንደሚጎድል ያውቃል። ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ የሚጋሩት የተራራ ጎሪላም ዛሬ ከ1 ሺ በላይ ነው። እኛስ? የደባርቅ ነዋሪ ከስሜን መግቢያ ክፍያ በዓመት ስንት ብር ለቀበሌው እንደደረሰ ቢጠየቅ መልስ ይኖረዋል?

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ጩኸት ብቻ እንዳይሆንብን የምንጠይቀውን በስም እንጥራው።

አንደኛ፣ የታጠቀ ሁሉ ከፓርኩ ክልል እጁን ያንሳ። መንግሥት ከፓርኩ ውስጥ ጦር አያስፍር፤ ፋኖም አይመሽግበት። ስካውቶች የማንም ወገን አይደሉምና ማንም አይንካቸው። ደመወዛቸው በጊዜው ይከፈል፤ በሥራ ላይ ለሞተና ለቆሰለ ቤተሰቡ የሚጦርበት ዋስትና ይኑር።

ሁለተኛ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የዋልያን፣ የቀይ ቀበሮንና የደኑን ይዞታ በየዓመቱ ቆጥሮ ለሕዝብ በአማርኛ ያሳውቅ። ለፈረንጅ ጉባኤ የሚጻፍ ሪፖርት ለደባርቅ ሰው የማይነገርበት ምክንያት የለም። ችግኝም ይቆጠር፤ ግን የተተከለው ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘው! የተተከለን መቁጠር ዘርን ከመዝራት ይልቅ መበተንን ማድነቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የግጭ ሰዎች ጉዳይ እንደገና ይታይ። መንግሥት ራሱን ራሱ እንዳይዳኝ ነፃ የሆነ አካል ቤት ለቤት ሄዶ ማን ምን አገኘ፣ ማን ምን አጣ ብሎ ይጠይቅ። የጎደለው ይሟላ። በስካውትነት፣ በአስጎብኚነት፣ በደን ማልማት ሥራ ቅድሚያ ለእነሱና ለልጆቻቸው ይሰጥ። ተራራውን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

አራተኛ፣ ከፓርኩ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርሰው ድርሻ በሕግና በፐርሰንት ይወሰን። በየዓመቱ ደባርቅ አደባባይ ላይ «ይህን ያህል ገባ፤ ይህን ያህል ለእናንተ፤ በዚህ ላይ ዋለ» ተብሎ ይነበብ። ቱሪስት በሌለበት ዓመትም ሕዝቡ ጨርሶ ባዶ እጁን እንዳይቀር ከሰላሙ ጊዜ የሚቆጠብ መጠባበቂያ ይኑር።

አምስተኛ፣ ደኑ ይመለስ፤ በተከላ ዘመቻ ብቻ ሳይሆን በመከለል። ከሰውና ከከብት ንክኪ የተጠበቀ ዳገት ራሱ ያገግማል። ገበሬው ከብቱን ሲያስር ግን ሳሩን አጭዶ የመውሰድ መብት ይኑረው፤ የሚከለለውን ቦታና የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነውም እሱ ይሁን። በየችግኝ ጣቢያው ባሕር ዛፍ ብቻ ሳይሆን ኮሶ፣ ጥድ፣ ወይራና አስታ ይፈላ። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በደጁ ያለውን ተራራ ትቶ ሌላ ምን ሊያጠና ነው? ለከተማው፣ ለተፈናቃዩና ለስደተኛው ሠፈር ደግሞ ከጫካው ውጭ የሚነድ ነገር ይቅረብ።

ከእነዚህ አንዱም ተአምር አይጠይቅም። ገንዘብ የለም እንዳይባል ለችግኝ ዘመቻው ገንዘብ ተገኝቷል። ሰው የለም እንዳይባል ዋልያን ከ250 አንስቶ ከ800 በላይ ያደረሰው ሕዝብ ዛሬም እዚያው ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ባላገሩን እንደ ባለቤት ማየት።

ዋልያ አንድ ጊዜ ሞትን አይቶ ተመልሷል። ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶናል። ሦስተኛውን ይሰጠን እንደሆነ ማንም ዋስ አይሆንም። ነገ ልጆቻችን «ዋልያ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን የቢራ ጠርሙስ አንስተን እንዳናሳያቸው!

ልብ ያለው ልብ ይበል!